«መጀመሪያ አንቺ ተጫወቺበት»

ለአራት ዓመት ሕፃን የሚሆን ድረ ገጽ ፈልጎ የሚያጣ የለም። ችግሩ ከበዛው መሐል ደህናውን መለየት ነው። «የልጆች ትምህርታዊ ጨዋታ» ብሎ ጎግል ላይ የጻፈ ወላጅ ወዲያው ገጽ በገጽ ላይ ይደረደርለታል። የትኛው በእውነት እንደሚያስተምር፣ የትኛው ደግሞ ልጁን ይዞ ለማቆየት ብቻ እንደተሠራ ግን ፍለጋው አይነግረውም።

በክረምት እረፍት አዲስ አበባ የተገናኙ ሁለት እህትማማቾች አንድ ከሰዓት ሙሉ የተከራከሩት በዚሁ ጉዳይ ነው። ታላቅየዋ ለረጅም ጊዜ ያስተማረች የኬጂ መምህርት ናት። ታናሽየዋ የምትኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ አራት ዓመት የሞላው ወንድ ልጇን ይዛ መጥታለች። ክርክሩን የጀመረችውም እሷ ነበረች።

«እትዬ፣ ስልክ አታሳዪው ብቻ እንዳትዪኝ» አለች። «ከሥራ ገብቼ እራት እስክሠራ ልጁን የሚይዝልኝ ሰው የለም። እዚህ እንዳለው አያት፣ አክስት፣ ጎረቤት የለኝም። ማየቱ ካልቀረ ምን ይይ? ጥያቄዬ እሱ ነው።»

«አልልሽም። እኔም ክፍሌ ውስጥ ታብሌት አለ። አሁን ምንድን ነው የሚያየው?»

«ዩቲዩብ ነዋ። የፊደል መዝሙር ከፍቼለት ወደ ኩሽና እገባለሁ። ስመለስ የፕላስቲክ እንቁላል እየከፈተ አሻንጉሊት የሚያወጣ ሰው ላይ ዓይኑን ተክሎ አገኘዋለሁ። መቼ ከመዝሙሩ እንደወጣ አላውቅም።»

መምህርቷ ይህን ቅሬታ ከብዙ ወላጆች ሰምታዋለች። ልጁ ሳይመርጥ ቪዲዮ ከቪዲዮ እየተቀጠለ የሚሄድበት ቦታ ለሕፃን እንደማይሆን ስታስረዳ የምታውቃቸውን እውነቶች ጠቀሰች። እ.ኤ.አ. በ2017 የታወቁ የካርቱን ገጸ ባሕርያትን መልክ የያዙ፣ ውስጣቸው ግን ሕፃን የሚያስደነግጥ ቪዲዮዎች በልጆች ፕሮግራም መሐል ሾልከው መግባታቸው ብዙ ወላጆችን አስቆጥቶ ነበር። በ2019 ደግሞ የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንና የኒው ዮርክ ግዛት ዐቃቤ ሕግ፣ ዩቲዩብ የሕፃናትን መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ ሰብስቧል ብለው ከሰሱ። ጎግልና ዩቲዩብ 170 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። ክሱ የቆመው በ1998 በወጣው፣ ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን መረጃ በሚጠብቀው ሕግ ላይ ነው።

«ታዲያ ዩቲዩብ ኪድስ የሚባለውስ? እሱ ለልጆች ተብሎ የተሠራ ነው አይደል?»

«ከ2015 ጀምሮ አለ፤ ከዋናው ይሻላል። ግን እሱም ማስታወቂያ አለው፣ እሱም ቪዲዮ ከቪዲዮ ያስከትላል። ዝም ብለሽ ከምትሰጪው ገብተሽ አንቺ ያጸደቅሻቸውን ቻናሎች ብቻ እንዲያይ ማድረግ ትችያለሽ። እኔ ግን ከቪዲዮ በፊት ሌላ ነገር እንድታይ እፈልጋለሁ። ሞግዚት ስትቀጥሪ ማን ናት፣ ከየት መጣች፣ ማን ያውቃታል ብለሽ ትጠይቂ የለም? ድረ ገጹንም እንደዚያ ጠይቂው። የመጀመሪያው ጥያቄ፣ የዚህን ድረ ገጽ ወጪ ማን ነው የሚሸፍነው የሚለው ነው።»

ታናሽየዋ ጥያቄው አልገባትም። ነጻ ከሆነ ማን ከፈለው ምን ያደርጋል?

«ብዙ ያደርጋል» አለች መምህርቷ። «የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች በሰፊው የሚወርዱ 135 አፖችን መርምረው ነበር። ከመቶው 95ቱ ቢያንስ አንድ ዓይነት ማስታወቂያ ነበረባቸው። በአንዳንዱ ጨዋታውን አቋርጦ ቪዲዮ ይመጣል። በአንዱ ደግሞ ልጁ ለሽያጭ የቀረበለትን ዕቃ ሳይገዛ ከሱቁ ሊወጣ ሲል ገጸ ባሕርዩ ያለቅሳል። የአራት ዓመት ልጅ ማስታወቂያ የቱ ጋ ጀምሮ የቱ ጋ እንደሚያልቅ አይለይም። የሚወደው ጓደኛው ያዘነበት ነው የሚመስለው።»

«እና ማስታወቂያ የሌለበት ነጻ ነገር የት ይገኛል?»

«አለ። አንቺ ያለሽበት አገር ደግሞ በደንብ አለ።»

እዚህ ላይ መምህርቷ ላፕቶፑን ወደ እህቷ አዙራ አንድ በአንድ እየከፈተች አሳየቻት። መጀመሪያ የከፈተችው ፒቢኤስ ኪድስን ነው። የአሜሪካ የሕዝብ ቴሌቪዥን የልጆች ክፍል ነው፤ ጨዋታዎቹን ለመጫወት ምዝገባም ክፍያም አይጠይቅም። ዳንኤል ታይገር የሚባለው ትንሽ ነብር ሐኪም ሆኖ ሲመረምር ልጁ ራሱ ሐኪም ቤት ሲሄድ የሚገጥመውን ይለማመዳል። ኦድ ስኳድ ደግሞ የሒሳብ እንቆቅልሽ በሚፈቱ ሕፃን መርማሪዎች ዙሪያ የተሠራ ነው። ቪዲዮዎቹ በአብዛኛው ከአሜሪካ ውጭ አይከፈቱም፤ ጨዋታዎቹ ግን አዲስ አበባ ላይ ተከፈቱላት። የጨዋታ አፑን በስልክ ላይ ጭኖ የተመረጡትን ማውረድ ስለሚቻል ኔትወርክ በማይኖርበት ሰዓትም ይሠራል።

«ይሄ ጣቢያ ግን ችግር ገጥሞታል ሲባል ሰምቻለሁ» አለች ታናሽየዋ።

«ገጥሞታል። በሐምሌ ወር 2025 የአሜሪካ ምክር ቤት ለሕዝብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የተመደበውን 1.1 ቢሊዮን ዶላር ሰርዟል። ለልጆች ትምህርታዊ ፕሮግራም ይሰጥ የነበረው የትምህርት ሚኒስቴሩ ድጋፍም በዚያው ዓመት ተቋርጧል። ማን ይከፍላል የምልሽ ለዚህም ነው። የዛሬው ጥሩ ጣቢያ ከሁለት ዓመት በኋላ በማን እጅ እንደሚሆን አናውቅም። አልፎ አልፎ ተመልሰሽ ማየት አለብሽ።»

ቀጥሎ የከፈተችው ስታርፎል ነበር። ይህን ድረ ገጽ በ2002 ያቋቋመው ስቲቨን ሹትዝ በልጅነቱ ማንበብ እጅግ ይቸግረው የነበረ ሰው ነው። ልጁ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ሲነካ ድምፁን ይሰማል፣ ፊደሉ ያለበትን ቃል ያያል፣ ቃሉ ወደ ሥዕል ይለወጥለታል። ገጹ ላይ ከልጁ ጋር የሚሻማ ነገር የለም፤ ማስታወቂያም የለበትም። በክፍያ የሚከፈት ተጨማሪ ክፍል ቢኖረውም ፊደልና የመጀመሪያ ንባብ የሚያስተምረው ዋናው ክፍል በነጻ ይገኛል።

ሦስተኛው ካን አካዳሚ ኪድስ ነው። ከ2 እስከ 8 ዓመት ላሉ ልጆች በ2018 የወጣ፣ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት የሚያዘጋጀው አፕ ነው። ኮዲ የሚባል ድብና ጓደኞቹ ልጁን ከመጽሐፍ ወደ ቁጥር፣ ከቁጥር ወደ ሥዕል እየመሩ ይወስዱታል። የሚሸጥ ነገር የለውም፤ ከመጻሕፍቱና ከጨዋታዎቹ የተወሰኑትም ያለ ኢንተርኔት ይከፈታሉ።

«እሺ፣ ይሄ የከፋዩ ጉዳይ ገባኝ» አለች ታናሽየዋ። «ሁለተኛውስ?»

«ሁለተኛው፣ ልጁ ምን ያደርጋል? ዓይኑ ብቻ ነው የሚሠራው ወይስ ጭንቅላቱም? በፊላደልፊያ የቴምፕል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ካቲ ሂርሽ-ፓሴክና የሥራ ባልደረቦቿ በ2015 ባሳተሙት ጽሑፍ የልጆች አፕ በእውነት ትምህርታዊ የሚሆነው አራት ነገር ሲያሟላ ነው ይላሉ። ልጁ እያሰበ ሲሳተፍ፣ ትኩረቱን የሚበትን ጌጣጌጥ ሲቀንስ፣ የሚማረው ከሚያውቀው ሕይወት ጋር ሲገናኝ፣ ከሰው ጋር ሲያነጋግረው። በእነዚህ አራቱ ብትመዝኚው ስሙ ላይ ‹ትምህርታዊ› የተለጠፈበት ብዙው ነገር ይወድቃል።»

«እንዴት እመዝነዋለሁ? እኔ መምህር አይደለሁም።»

መምህርቷ ይህን ጊዜ ያመጣችው ምሳሌ ከቄስ ትምህርት ቤት ነው። የድሮ የኔታ ልጁን በስንደዶ እየጠቆመ ሀ፣ ሁ፣ ሂ ካስባለው በኋላ በዚያ አይተወውም። ሁለተኛ ዙር አቡጊዳን ያስቆጥረዋል፤ በአቡጊዳ የፊደሉ ተራ ይለወጣል። ሀሁን እንደ ዜማ በቃሉ ሸምድዶ የሚወርድ ልጅ ተራው ሲለወጥበት ፊደሉን በመልኩ ማወቅ አለማወቁ ይገለጣል።

«አሁን ስልክሽ ላይ ያለውን የፊደል ጨዋታ በዚህ ዓይን እዪው» አለች። «ሁልጊዜ በአንድ ተራ የሚዘምር ከሆነ ልጅሽ ዜማ ነው የሚማረው። ፊደሉን አደባልቆ ‹መ የትኛው ነው?› ብሎ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ሲሳሳት ደግሞ ድጋሚ የሚያሳየው ከሆነ ያስተምራል። የእኛ ፊደል 33 ቤት፣ በየቤቱም ሰባት መልክ አለው። ያንን ሁሉ በመዝሙር ብቻ አይዘልቀውም።»

ታናሽየዋ ልጇ ሀሁን እስከ ፐ እንደሚወርደው፣ ነጠላውን ፊደል ብታሳየው ግን መለየቱን እርግጠኛ እንዳልሆነች ተናገረች።

«ብዙ ልጅ እንደዚያ ነው፤ አትጨነቂ። ብቻ ጨዋታውን ቀይሪለት። ፊደል ለማይወድ ልጅ ደግሞ ስክራች ጁኒየር አለ።»

ስክራች ጁኒየር ከ5 እስከ 7 ዓመት ላሉ ልጆች በ2014 የወጣ ነጻ አፕ ነው፤ ኤምአይቲና ተፍትስ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ሠርተውታል። ልጁ ማንበብ አይጠበቅበትም፤ በላያቸው ቀስት ወይም ሥዕል ያለባቸውን ቁርጥራጮች እየገጣጠመ ድመቷን ያስኬዳል፣ ያዘልላል፣ ያናግራል። በዚህ መንገድ ለኮምፒውተር ትእዛዝ መስጠትን ከመሠረቱ ይለማመዳል። ከ8 ዓመት ጀምሮ ላሉት የተዘጋጀው ትልቁ ስክራች ደግሞ በቋንቋዎቹ ዝርዝር ውስጥ አማርኛም አለበት፤ ከዝርዝሩ ‹አማርኛ› የሚለውን የመረጠ ልጅ ትእዛዞቹን በራሱ ፊደል ያያቸዋል።

እዚህ ጋ ታናሽየዋ የሰማችውን አንድ ነገር አንሥታ ተከራከረች።

«እትዬ፣ አንቺ ወላጅ ይምረጥ፣ ወላጅ ይመዝን ትያለሽ። የወንጪና የወለንጪቲ ልጆችስ? አስተማሪ እንኳ አልነበራቸውም እኮ።»

ነገሩ እውነተኛ ታሪክ ነው። የኤምአይቲው ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የመሠረተው ‹ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ› የተባለ ድርጅት በ2012 ወንጪ ሐይቅ አካባቢና ወለንጪቲ አጠገብ በሚገኙ ሁለት መንደሮች በየመንደሩ ለ20 ያህል ልጆች ታብሌት አደለ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ገብተው አያውቁም። ታብሌቶቹ በፀሐይ ኃይል ይሞላሉ፤ ልጆቹ ምን እንደነኩ የሚመዘግበውን የማስታወሻ ካርድ ባለሙያ በየሳምንቱ እየሄደ ይለውጥ ነበር። ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት እንደተናገረው፣ አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ሳጥኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ። በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ይዘምሩ ጀመር። በአምስት ወር ውስጥ ደግሞ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት።

መምህርቷ ታሪኩን ታውቀዋለች፤ ትወደዋለችም። የምታነብበው ግን በሌላ መንገድ ነው።

«የእነዚያን ልጆች ብልህነት ማንም አይክድም። ግን ሁለት ነገር ልብ በይ። አንደኛ፣ ብቻቸውን አልነበሩም። አንዱ ያገኘውን ለሌላው እያሳየ፣ እየተጠያየቁ ነበር የሚማሩት። ልጅሽ ግን ሳሎን ውስጥ ከስልኩ ጋር ለብቻው ነው። ሁለተኛ፣ ታብሌቱ ላይ የተጫነውን ሰው ነው አስቦ የመረጠው። ማስታወቂያ አልነበረበትም፤ ልጆቹን ወደማይሆን ቦታ የሚጎትት ነገር አልነበረውም። እንዲያውም ያ ታሪክ የእኔን ነገር ነው የሚያጠናክረው።»

«ግን የተማሩት በእንግሊዝኛ ነው።»

«አዎ። እኔን የሚቆጨኝም እሱ ነው።»

ወሬው ወደ ቋንቋ የዞረው በዚህ ነው። የታናሽየዋ ልጅ አማርኛ ይሰማል፤ ሲመልስ ግን በእንግሊዝኛ ነው። አያቱ ስታናግረው ወደ እናቱ ዞሮ ያያል። እናት አማርኛ የሚያጫውተው ነገር ስትፈልግ የምታገኘው በአብዛኛው ዘፈንና ካርቱን ነው፤ የካርቱኑም ድምፅ ብዙ ጊዜ በችኮላ የተተረጎመ ይሆንባታል።

መምህርቷ መጀመሪያ ያስታወሰቻት «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ነው። መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር በ2005 ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕን አቋቁማ፣ ፀሐይ የተባለች ቀጭኔ ዋና ገጸ ባሕርይ የሆነችበትን ይህን የአሻንጉሊት ፕሮግራም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ማቅረብ ጀመረች። በዚህ ሥራዋ በ2010 የሮሌክስ ወጣት ተሸላሚ ሆናለች። ክፍሎቹ ዛሬ ዩቲዩብ ላይ ይገኛሉ። «አውርደሽ ያዢለት» አለች መምህርቷ፤ «አንዱን ክፍል አይቶ ሲጨርስ ዝጊና ፀሐይ ምን አደረገች ብለሽ በአማርኛ ጠይቂው።»

ከዚያ ወደ መጻሕፍቱ አለፈች። በደቡብ አፍሪካ የትምህርት ድርጅት ሳይዴ በ2014 የጀመረው አፍሪካን ስቶሪቡክ በአፍሪካ ቋንቋዎች የተጻፉ በሥዕል የታጀቡ የልጆች ታሪኮችን በነጻ ያቀርባል፤ አማርኛም አለበት። የሕንዱ ፕራታም ቡክስ በ2015 የከፈተው ስቶሪዊቨር ከ300 በላይ በሆኑ ቋንቋዎች መጻሕፍት አሉት። በኖርዌይ መንግሥት ድጋፍ የተቋቋመው ግሎባል ዲጂታል ላይብረሪም በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛና በሶማሊኛ መጻሕፍትን በንባብ ደረጃ ከፋፍሎ ይዟል። ከእነዚህ ቦታዎች የወረደ መጽሐፍ በስልክ ይነበባል፣ በወረቀት ይታተማል፣ ለጎረቤት ልጅም ይሰጣል፤ ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልግም።

«የሚያነብልን የለም እንጂ መጽሐፉ አለ ማለት ነው» አለች ታናሽየዋ።

«አንቺ አለሽ። ሦስተኛው ጥያቄም እሱ ነው፤ ልጁ ከማን ጋር ነው የሚያየው፣ መቼስ ያቆማል? የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያለ ልጅ ቁጭ ብሎ ስክሪን የሚያይበት ጊዜ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ባነሰ ቁጥርም እንደሚሻል ይመክራል። ሁለት ዓመት ላልሞላው ጭራሹኑ አይመከርም። ከዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ሩብ ሰዓቱን አጠገቡ ከተቀመጥሽ ሌላውን ብቻውን ቢጫወት ብዙ አልፈራም። እራት ስትሠሪ የሚይዘው የሚያልቅ ነገር ይሁን፤ አንድ መጽሐፍ፣ ወይም አንድ ጨዋታ። ማብቂያ የሌለውን ነገር አትስጪው፤ ስትነጥቂው የሚያለቅሰው ስላላለቀለት ነው።»

«ስንቱን ልፈትሽ? ጓደኞቼ የላኩልኝ የድረ ገጽ ዝርዝር ስልኬን ሞልቶታል።»

«ዝርዝሩ የቆየ ከሆነ ግማሹ አይከፈትልሽም። ድሮ የልጆች ጨዋታ በብዛት የሚሠራው በአዶቢ ፍላሽ ነበር፤ ኩባንያው በ2020 መጨረሻ ሲያቆመው ብዙ ጨዋታ አብሮ ሞተ። ኮመን ሴንስ ሚዲያ የሚባል ከ2003 ጀምሮ የልጆችን ፊልም፣ አፕና ድረ ገጽ በዕድሜ እየለየ የሚገመግም ድርጅት አለ፤ የጨዋታውን ስም እዚያ ፈልገሽ የገምጋሚዎቹን አስተያየት አንብቢ። ከዚያ በኋላ ግን መጀመሪያ አንቺ ተጫወቺበት። ልጁ ሲተኛ ክፈቺው። ሆን ብለሽ ተሳሳቺ፣ ምን እንደሚል እዪ። ሊያሸንፍ ያልቻለ ልጅ ምን እንደሚገጥመው እዪ። የሚገዛ ነገር የሚመጣበት ቦታ ካለ እስኪመጣ ጠብቂ። በእሱ ቦታ ሆነሽ ሳታዪው ስሙን ብቻ አምነሽ አትስጪው።»

«ሦስት አራት ብቻ ልያዝለት ነዋ።»

«ሦስት ይበቃል። አንድ የፊደል፣ አንድ የመጽሐፍ፣ አንድ የሚፈጥርበት። ልጅ አንዱን መልሶ መልሶ ሲጫወት ነው የሚማረው፤ አሥር አፕ የጫንሽለት ልጅ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘል ይውላል።»

ታናሽየዋ ያልተስማማችበት አንድ ነገር ቀረ። ሥራ ላይ የሚውል ወላጅ ይህን ሁሉ መፈተሽ አይችልም፤ ትምህርት ቤቶችና የኮሚዩኒቲ ማኅበራት ተመካክረው ቢመርጡ ይሻላል ባይ ናት። መምህርቷም ይህን አልተቃወመችም። በየከተማው የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት የሚሰጡ ቤተ ክርስቲያናትና ማኅበራት ለአንድ ክፍል የሚሆኑ አምስት ታሪኮችን አውርደው ቢያትሙ፣ ለወላጆችም በቴሌግራም ቢልኩ ትልቅ ነገር ነው ብላለች። አዲስ አበባ ላሉ መዋዕለ ሕፃናትም ያው ነው፤ አንድ ታብሌትና አንድ ፕሪንተር ያለው ትምህርት ቤት ለብዙ ቤት ይበቃል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው የአማርኛው ድርሻ ነው። አፍሪካን ስቶሪቡክም ሆነ ስቶሪዊቨር ማንም ሰው ተመዝግቦ ታሪክ እንዲተረጉም ወይም አዲስ እንዲጽፍ ይፈቅዳሉ። የአንድ የመጀመሪያ ደረጃ መጽሐፍ ጽሑፍ አሥራ ሁለት ዓረፍተ ነገር እንኳ ላይሞላ ይችላል። አማርኛ በደንብ የምታውቁ፣ ሕፃን በቤታችሁ ያለም የሌለም፣ በዚህ ሳምንት አንድ ታሪክ መርጣችሁ ወደ አማርኛ መልሱ። ስትጨርሱ ለአንድ ልጅ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡለትና ያልገባውን አስተካክላችሁ ጫኑት።